ሚኒስትሩ በምክር ቤት የሰጡት መልስ ለእኔ ምን ይፈይድልኛል?

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ከወረታ የፎገራ ሩዝ በአይሱዙ ጭኖ ሲመለስ፣ ሐሙሲት ሳይደርስ ባልታወቁ ታጣቂዎች ታገተ። ቤተሰብ ለምኖና ተበድሮ ከከፈለ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ተለቀቀ። ለፖሊስ በቃል ብናመለክትም «ይጣራል» ከመባል በቀር የሰማነው የለም። የምክር ቤት አባላት ስለ ዜጎች ደኅንነት ሚኒስትሮችን ሲጠይቁ በቴሌቪዥን እናያለን፤ መልሱ ሁልጊዜ «በትኩረት እየተሠራ ነው» ነው። ይህ መልስ በሕግ ምን ዋጋ አለው? የመረጥነው እንደራሴ የእኛን ጉዳይ እንዲጠይቅልን ማድረግ እንችላለን? ሚኒስትሩንስ መክሰስ ይቻላል?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን ወንድምዎ በሕይወት ተመለሰ።

በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ተወያይቶ አስፈላጊ መስሎ የታየውን ውሳኔ ወይም እርምጃ እንዲወስድ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ሚኒስትሩ ቀርበው የሚመልሱት ለወግ ሳይሆን በግዴታ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ተጠያቂነት ፖለቲካዊ ነው፤ በምክር ቤት የተሰጠ መልስ ፍርድ አይደለም፣ የምርመራ መዝገብም አይከፍትልዎትም፣ ካሣም አያስገኝልዎትም።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ነጥብ አለ። በአንቀጽ 52 መሠረት የክልልን ፖሊስ ማደራጀትና በክልሉ ውስጥ ሰላምን ማስጠበቅ የክልሉ ሥልጣን ስለሆነ፣ የፌዴራል ሚኒስትር ስለ አንድ የወረዳ ፖሊስ ቸልተኝነት ቢጠየቁ «ይህ የክልሉ ነው» ማለታቸው ሁልጊዜ ማምለጫ አይደለም፤ አንዳንዴም ትክክለኛ የሕግ መልስ ነው። ያመለከቱት ለክልል ፖሊስ ከሆነ፣ የክልሉን አስፈጻሚ የሚጠይቀው መቀመጫው እዚሁ ባሕር ዳር የሆነው የአማራ ክልል ምክር ቤት ነው። ደብዳቤዎ ለሁለቱም ምክር ቤቶች አባላት ይድረስ የምለው ጥያቄው በሁለቱ መካከል እንዳይጠፋ ነው።

ለእንደራሴ አቤቱታ ማቅረብ መብትዎ ነው፤ አንቀጽ 30 ከሰላማዊ ሰልፍ ጋር አቤቱታ የማቅረብ መብትንም ይደነግጋል። እንደራሴው እንዲጠይቅ የሚያስገድድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ግን አይገኝም። ስለዚህ ዋናው ብልሃት ጥያቄውን ለመጠየቅ ዝግጁ አድርጎ መስጠት ነው። «ስለ ጸጥታው ምን እየተሠራ ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ባለሥልጣን «በትኩረት» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም፤ ጥያቄውም የሚጋብዘው ይህንኑ ነው። በዚህ ፈንታ «በዚህ መንገድ ላይ ተፈጽሟል ተብሎ ከቀረበው የእገታ አቤቱታ በስንቱ ላይ የምርመራ መዝገብ ተከፈተ? ስንቱ ለዐቃቤ ሕግ ተላለፈ? በስንቱስ ክስ ተመሠረተ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቁጥር ነው፤ ቁጥር የሌለው ባለሥልጣንም አለመያዙ ይታወቅበታል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው፤ በመሐል የአንድ ወር ዕረፍት አለው። አባላት በዕረፍት ወቅት ወደ መራጩ ሲመጡ በአካል ቢያገኙዋቸው፣ ደብዳቤውን በእጃቸው ቢሰጡና በግልባጩ ላይ ቢያስፈርሙ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ግን የሚቆመው በፖሊስ ዘንድ ባለው መዝገብዎ ላይ ነው፤ የእርስዎ ጉዳይ የላላውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ባለጉዳዮች የምርመራ መዝገብ ቁጥር ስጠይቃቸው ብዙ ጊዜ የሚያሳዩኝ በብጣሽ ወረቀት የተጻፈ የመርማሪ ስልክ ቁጥር ነው። ስልክ ቁጥር መዝገብ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 22 ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ ወይም ሲጠረጥር እንዲመረምር ያስገድደዋል፤ የአቤቱታው እውነትነት ቢያጠራጥር እንኳ ከዚህ ግዴታ አይድንም። በቃል የቀረበ አቤቱታም ወደ ጽሑፍ ተለውጦ ለአመልካቹ ሊነበብለትና ሊፈርምበት ይገባል። ስለዚህ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የተከፈለውን ገንዘብና የተላከበትን የባንክ ማስረጃ ዘርዝረው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገብተው በግልባጩ ላይ ማኅተም ያስመቱ። ከዚያ በኋላም ዝም ከተባሉ ለዐቃቤ ሕግ፣ እንደ ነገሩ ሁኔታም ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ያቅርቡ። ሁለቱም ተቋማት ተጠሪነታቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለሆነ፣ በእነሱ በኩል የተመዘገበ አቤቱታ ወደዚያው አዳራሽ በሪፖርት የመድረስ ዕድል አለው።

ሚኒስትሩን በግል በፍትሐ ብሔር መክሰስን አልመክርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2138 የመንግሥት ሚኒስትሮች ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ተግባር በኃላፊነት እንዳይከሰሱ ይከላከላል፤ አንቀጽ 2139 ይህን መከላከያ የሚያነሣው በወንጀል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው ሲቀጡ ነው። የተሻለው በር አንቀጽ 2126 ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ያጠፋው ጥፋት የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትን ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህም ቢሆን አጋቹ መንግሥት ስላልሆነ፣ ፖሊስ ማድረግ የሚገባውን ባለማድረጉ ለይቶ የሚታወቅ ጉዳት እንደደረሰብዎ ማስረዳት የእርስዎ ድርሻ ነው። ይህ ከባድ ሸክም ነው፤ ቀላል ነው ብል አሳስትዎታለሁ። ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሣ ክስ በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ሲሆን ረዘም ያለ ጊዜ ሊሠራ ቢችልም፣ በዚያ ላይ ተመክተው አይዘግዩ። ተከሳሹ የፌዴራል አካል ቢሆን እንኳ፣ በአማራ ክልል የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና የያዘው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለሆነ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ አይጠበቅብዎትም። ክሱን ከማርቀቅ በፊት ወንድምዎ ራሱ፣ የታገተበትንና የተለቀቀበትን ቀን በትክክል የሚያስረዱ ሁለት ምስክሮችን ስም ይዞ ጠበቃ ዘንድ ይቅረብ።