ከደሴ የተጻፈ ጥናት ኒውዮርክ ይደርሳል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ደሴ ሆኜ ስለ ሰላምና ግጭት የምሠራው የመመረቂያ ጥናት ፖሊሲ አውጪዎች ጋ ይደርሳል ወይ?» ብለሻል። በቀጥታ መድረሱ ብርቅ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ግን ይደርሳል። ኖርዌያዊው የሰላም ተመራማሪ ዮሃን ጋልቱንግ እ.ኤ.አ. በ1959 ኦስሎ ውስጥ የሰላም ጥናት ተቋም መሠረተ። ሰላም ማለት ተኩስ መቆሙ ብቻ አይደለም ብሎም ጻፈ። ይህ ሐሳብ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ሰነዶች ውስጥ ሰርጿል። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በዓመት ቢያንስ 25 ሰው በውጊያ የሞተበትን ግጭት ይመዘግባል፤ መረጃውን የዓለም ባንክም ይጠቀምበታል። ምንጩ በአብዛኛው ዜናና ሪፖርት ስለሆነ ግን ያልተዘገበ ሞት ሳይቆጠር ይቀራል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። የወሎን አበጋሮች ሽምግልናም ቦታው ላይ ያለ ሰው ካልጻፈው ማን ይጽፈዋል? እባክሽ ጻፊው። የሁለት ገጽ የእንግሊዝኛ ማጠቃለያም አያይዢበት፤ ፖሊሲ አውጪ ረጅሙን የማንበብ ጊዜ የለውም።