ስም መውጣትና ቦታ ማግኘት ለየቅል ናቸው

ልጆቼ፣

ሰሞኑን እዚህ አሜሪካ አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ለሕዝብ አገልግሎት ፌሎሺፕ (ተወዳድረው ለተወሰነ ጊዜ እየሠሩ ልምድ ለሚያገኙበት ፕሮግራም) የጻፈችውን ማመልከቻ ይዛ ቤቴ መጣች። ማስተርሷን ልትጨርስ ነው። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፤ እንግሊዝኛውም እንከን የለውም። ግን እሷ የለችበትም። ከላይ እስከ ታች «ተሳተፍን፣ አገዝን፣ ቡድናችን ሠራ» ይላል። «አንቺስ ምን ሠራሽ?» አልኳት። «ጉራ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው» አለችኝ።

ገባኝ። እኛ ቤት «እኔ፣ እኔ» የሚል ልጅ አይወደድም። ይህ መልካም አስተዳደግ ነው። ማመልከቻውን የሚመዝነው ሰው ግን አያውቃችሁም፤ ፊቱ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ችግሩ ምን ነበር? እናንተ በእጃችሁ ምን ሠራችሁ? ምን ተለወጠ? ይህን ካላገኘ ነጥብ የሚሰጥበት ነገር የለውም። እውነት እስከሆነ ድረስ ጉራ አይባልም።

ደግሞ ይቺ ልጅ ከዐሥር ዓመቷ ጀምሮ ለእናቷ እያስተረጎመች ነው ያደገችው። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ፉድ ስታምፕ (የምግብ እርዳታ) ቢሮ። የመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ ቤተሰቡ አጣጥፎ የሚያስቀምጠው ለእሷ ነው። ከዚህ አንዲት ቃል አልጻፈችም! የመንግሥት መስኮት ከወዲህ በኩል ምን እንደሚመስል እንደ እሷ የሚያውቅ ስንት አመልካች አለ?

እኔ ለእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም የተወዳደርኩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፕሮግራሙ ያኔ ፕሬዚደንሺያል ማኔጅመንት ኢንተርን ይባል ነበር። ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1977 ያቋቋሙት ነው፤ በ2003 «ኢንተርን» የሚለው ወደ «ፌሎው» ተቀየረ። ማስተርስ የጨረሱትን አወዳድሮ ለሁለት ዓመት በፌዴራል መሥሪያ ቤት ያሠራ ነበር። ጥሩ የሠራ ቋሚ የመሆን ዕድል ነበረው።

የማለፊያው ደብዳቤ የመጣ ቀን እናቴ እልል አለች። ዶሮ ተሠራ፣ ቡና ተፈላ። ጎረቤቱ ሁሉ «መንግሥት ቤት ገባች» እያለ መረቀኝ። እኔም የገባሁ መስሎኝ ነበር። ደብዳቤው የሚለው ግን ሌላ ነው፦ ለመቀጠር ብቁ ነሽ፣ የሚወስድሽን መሥሪያ ቤት ፈልጊ። ስምሽ ዝርዝር ላይ ይወጣል፣ የተወሰነ ጊዜ ይሰጥሻል፣ ጊዜው ካለፈ አለፈ። የሚመድብሽ የለም። ይህን ሳልረዳ ስድስት ወር ስልክ እስኪደወልልኝ ጠበቅኩ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ሥራ ጀመርሽ?» ሲሉኝ መሬት መሬት አይ ነበር።

በኋላ ከእኔ በፊት የገቡትን እየፈለግኩ መደወል ጀመርኩ። «ቢሮአችሁ ሰው ይፈልጋል?» ከማለት ሌላ የተለየ ዘዴ አልነበረኝም። በስተመጨረሻ የወሰደኝ ማንም የማይሻማበት ክፍል ሆነ፤ ሥራው የማመልከቻ ቅጽ ማዘጋጀት ነው። ከፍቶኝ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ረጅም የእርዳታ ቅጽ ማሳጠር ነበር። ባዶውን ቅጽ ቤት ወስጄ እናቴን «እስቲ ሙዪው» አልኳት። እስክሪብቶዋን ይዛ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ላይ ቆመች። «የማንን ልጻፍ? የአባቴን ነው የአባትሽን?» እሷ በአባቷ ትጠራለች፣ እኔ በአባቴ። ፋይሉን የሚያየው ሠራተኛ እናትና ልጅ መሆናችንን በምን ያውቃል? በማግስቱ ለአለቃዬ ነገርኩት። ለሠራተኞች በሚሰጠው መመሪያ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ስም ሊለያይ ይችላል። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ክፍል የመዛወር ዕድል ሲመጣ እምቢ አልኩ።

በነገራችን ላይ፣ ለአንዳንድ ቦታዎች የደኅንነት ማጣሪያ ቅጽ ትሞላላችሁ። የወላጆቻችሁ የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ተጠንቅቃችሁ ቀይሩት፤ ከፓስፖርታቸው ጋርም አመሳክሩት። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችሁን ስትጠየቁ አትደብቁ። ዘመድ መኖሩ ብቻውን አያስጥልም፤ መደበቁ ግን ሊያስጥል ይችላል።

እኔ ያለፍኩበት ፕሮግራም በ2025 የካቲት ላይ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ ተዘግቷል። በጣም አዝኛለሁ፤ ብዙ ልጅ የገባበት በር ነበር። ሌሎች በሮች ግን አሉ። ኒው ዮርክ ከተማ ከ1969 ጀምሮ የራሷ የኧርባን ፌሎውስ ፕሮግራም አላት። ሰዎችን በማኅበረሰብ አገልግሎት የሚያሠማራው የፌዴራል ፕሮግራም አሜሪኮርፕስ ግሪን ካርድ ያለውንም ይቀበላል፤ ዜግነት እስኪመጣ አትቀመጡ። ስታመለክቱ ግን መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ካለፍኩ በኋላ የሚመድበኝ ማነው? እናንተው ናችሁ ከተባለ፣ ደብዳቤው የደረሰ ዕለት ስልክ አንሱ።

ያቺ ልጅ ማክሰኞ ተመልሳ መጣች። አዲሱ ጽሑፍ ክሊኒክ ውስጥ ይጀምራል። ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ሐኪሙ «ኩላሊት» ሲል ቃሉን በአማርኛ አታውቀውም። ስለዚህ የእናቷን ጀርባ በእጇ ነካች፣ «እዚህ ጋ ነው የሚለው» አለቻት። ሁለት ፊደል አርሜ መለስኩላት።