ሲኦልና ገሃነም አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው። በቅርቡ አባቴ ዐርፎ በቅሬያችን (በዕድራችን) ድንኳን ውስጥ ሐዘን ተቀምጠን ሳለ በሽማግሌዎቹ መካከል ስለ ሲኦል ንግግር ተነሣ። አንዱ ሲኦልና ገሃነም የአንድ ቦታ ሁለት ስሞች ናቸው አሉ። ሌላው ጌታ በስቅለቱ ሲኦልን ባዶ ስላደረገው ከዚያ ወዲህ ያለው ገሃነም ብቻ ነው ብለው መለሱ። ሙስሊሙ ጎረቤታችንም እኛ ጀሀነም የምንለው የእናንተው ገሃነም ነው አሉ። ቤት ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሴን ስገልጥ ጻድቁ ኢዮብ ራሱ በሲኦል ሰውረኝ ብሎ እግዚአብሔርን ሲለምን አገኘሁና (14፥13) ይበልጥ ግራ ገባኝ። ጻድቅ ሰው እንዴት ሲኦልን ይመኛል?

መልስ፦ በቅድሚያ የአባትዎን ነፍስ ይማር፤ እርስዎንም እግዚአብሔር ያጽናዎት። ነገሩን ግራ የሚያጋባው መጽሐፍ ቅዱስ በተለያየ ዘመን ለተለያየ ነገር የተጠቀመባቸውን ስሞች እኛ ደራርበን እንደ አንድ ስለምንናገራቸው ነው።

ከኢዮብ እንጀምር። በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ሲኦል የሚለው ስም ከ60 ጊዜ በላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በአብዛኛውም የሚያመለክተው ጻድቅ ከኃጥእ ሳይለይ ሙታን ሁሉ የሚወርዱበትን የዝምታና የጨለማ ስፍራ ነው። ያዕቆብ ልጁን ዮሴፍን አውሬ እንደበላው በነገሩት ጊዜ እያዘንሁ እወርዳለሁ ያለው ወደዚሁ ስፍራ ነበር፤ የአማርኛው ትርጉም በዚያ ቦታ መቃብር ቢለውም ዕብራይስጡ ሲኦል ይለዋል። መክብብም በሲኦል ሥራና አሳብ፣ ዕውቀትና ጥበብ እንደማይገኙ ይናገራል (9፥10)። በእነዚህ ጥቅሶች ስለ እሳትም ሆነ ስለ ሥቃይ የተነገረ ነገር የለም። ኢዮብ ልጆቹን ቀብሮ፣ ገላው በቍስል ተመትቶ በነበረበት ሰዓት የለመነው የእግዚአብሔር ቍጣ እስኪያልፍ ድረስ እንዲሸሽገውና ቀን ቀጥሮ እንዲያስበው ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ከመከራ መጠለያ የሚፈልግ ሰው ጸሎት ነው እንጂ ቅጣትን የሚመኝ ሰው ቃል አይደለም፤ «አስበኝ» የሚለው ልመናው ደግሞ ሲኦል የመጨረሻ ማደሪያው እንደማይሆን ተስፋ ማድረጉን ያሳያል።

ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክ በተተረጎመ ጊዜ ተርጓሚዎቹ ሲኦልን ሃዴስ አሉት፤ በአዲስ ኪዳንም የግሪኩ ሃዴስ በአማርኛችን እንደገና ሲኦል ተብሏል። በዚያ ዘመን ግን የሙታን ስፍራ በውስጡ የተለያየ ዕጣ እንዳለው ተደርጎ መነገር ጀምሮ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሄኖክ በምዕራፍ 22 የሙታን መናፍስት እስከ ፍርድ ቀን ድረስ ጻድቃኑ ከኃጥኣን ተለይተው የሚጠበቁባቸውን ስፍራዎች ይገልጻል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ባለጠጋው በሲኦል በሥቃይ ሳለ አልዓዛርን በአብርሃም እቅፍ በሩቅ ማየቱም ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው።

ሲኦል ባዶ ሆኗል ያሉት አባት ንግግራቸው መሠረት የሌለው አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ በበዓለ ሃምሳ ክርስቶስ በሲኦል እንዳልቀረ መስክሯል (ሐዋ. 2፥31)፤ በመልእክቱም በወኅኒ ለነበሩ መናፍስት እንደ ሰበከላቸው ጽፏል (1ኛ ጴጥ. 3፥19)። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ቄጤማ የሚያድሉት፣ በትንሣኤም «አሠሮ ለሰይጣን፣ አግዓዞ ለአዳም» (ሰይጣንን አሠረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው) የምንባባለው ይህንኑ ነጻነት ለማብሠር ነው። ይሁን እንጂ ራእይ 20፥13–14 ሞትና ሲኦል በውስጣቸው ያሉትን ሙታን የሚሰጡት በመጨረሻው ቀን እንደሆነ፣ ከዚያም ራሳቸው ወደ እሳት ባሕር እንደሚጣሉ ስለሚናገር ሲኦል ከስቅለት ወዲህ የለም ማለት አይቻልም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ገነትና ሲኦል ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚቆዩባቸው፣ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ደግሞ ከፍርድ በኋላ የሚወረሱ እንደሆኑ ታስተምራለች። የመጀመሪያው ሽማግሌ አንድ ናቸው ማለታቸው የማያስኬደው በዚህ ምክንያት ነው።

ገሃነም በምድር ላይ ካለ ስፍራ የተወሰደ ስም ነው። ከጥንቷ ኢየሩሳሌም በስተ ደቡብና ምዕራብ የሚገኘው የሄኖም ልጅ ሸለቆ፣ ከደሴ ሆነው ቁልቁል ሸለቆውን እንደሚያዩት ሁሉ፣ ለከተማይቱ ሰዎች በየቀኑ የሚታይ ነበር። ነገሥታቱ አካዝና ምናሴ ልጆቻቸውን በእሳት ያሳለፉት እዚያ ነው፤ ንጉሡ ኢዮስያስ ማንም ልጁን ለጣዖቱ ለሞሎክ እንዳያቀርብ በሸለቆው የነበረውን የመሥዋዕት ስፍራ ቶፌትን አረከሰ (2ኛ ነገ. 23፥10)፤ ኤርምያስም ስፍራው የእርድ ሸለቆ ተብሎ የሚጠራበት ቀን እንደሚመጣ ተነበየ (7፥32)። በጌታ ዘመን ሸለቆው ዘወትር እሳት የሚነድበት የከተማይቱ ቆሻሻ መጣያ ነበር የሚለውን ትምህርት ብዙ ሰባኪዎች ይደግሙታል፤ ነገር ግን ይህ የሚገኘው ከ1200 ዓ.ም. ገደማ ከነበረው አይሁዳዊ ተርጓሚ ከዳዊት ቂምሒ ማብራሪያ እንጂ ከዚያ ዘመን ምስክር አይደለም። ስሙን አስፈሪ ያደረገው በዚያ የፈሰሰው የሕፃናት ደም ነው።

ይህ ስም በአዲስ ኪዳን 12 ጊዜ ሲገኝ 11ዱ ከራሱ ከጌታችን አንደበት የወጡ ናቸው። ማንን እንዳስጠነቀቀበት ልብ ይበሉ፤ ወንድሙን ደንቆሮ ብሎ የሚሰድበውን፣ ታናናሾቹን የሚያሰናክለውን፣ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን፣ ደቀ መዛሙርቱንም ጭምር ነው። ሁሉም ገና በሕይወት ያሉና ሊመለሱ የሚችሉ ነበሩ። በሐዘን ድንኳን ውስጥ ስለ ሟች መግቢያ መከራከር ከዚህ አነጋገር እጅግ የራቀና ሐዘንተኛን የሚያቆስል ነው፤ ይህን በአጽንዖት እናገራለሁ።

የቀሩትን ስሞች በአጭሩ ላንሣ። በ2ኛ ጴጥሮስ 2፥4 አማርኛችን ገሃነም ያለው በግሪኩ ከታርታሮስ የተገኘ ቃል ነው፤ በአዲስ ኪዳን አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ የሚናገረውም ስለ በደሉ መላእክት እስር ነው። በውጭ ያለው ጨለማ፣ የዘላለም እሳትና የእሳት ባሕር የመጨረሻውን ፍርድ ያመለክታሉ። ቅጣቱ ማብቂያ የሌለው ሥቃይ ነው ወይስ ፈጽሞ መጥፋት በሚለው ላይ ክርስቲያኖች በማቴዎስ 25፥46 እና 10፥28 ንባብ ይለያያሉ፤ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት የመጀመሪያውን ይይዛሉ።

ጎረቤትዎ ያሉት በስሙ ረገድ እውነት ነው፤ የዐረብኛው ጀሀነምም ሆነ የእኛው ገሃነም ምንጫቸው ያው የሄኖም ሸለቆ የዕብራይስጥ ስም ነው። ቁርኣን ስለ ጀሀነም የሚያስተምረውን ግን ከእስልምና ሊቃውንት መጠየቅ ይገባል።