«ቆይ፣ ውጪ እንገናኛለን!»

ዘንድሮ ጠመኔ ለምትጨብጡ አዲስ መምህራን፤

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያስተማርኩት ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ነው። ስለ ሰላም ስንት ገጽ ኖት እንዳስገለበጥኩ ቤቱ ይቁጠረው። ግን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ።

አንድ ቀን «ግጭትን በሰላማዊ መንገድ መፍታት» የሚል ርዕስ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ዞር አልኩ። በግራ እጄ ጎማ ይዣለሁ፤ የምንገርፍበትን። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ርዕሱን አየች፣ ጎማውን አየች፣ ከዚያ አቀርቅራ መገልበጥ ጀመረች። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። (ጎማዋን በኋላ የአጥር በር ማጠፊያ አደረግኳት። እስካሁን ታገለግላለች።)

ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ተጽፏል። ይህንኑ አንቀጽ ጠይቄ፣ መልሱ የጠፋበትን ልጅ በኩርኩም ያልኩትም እኔው ነኝ።

የረባሽ ስም ዝርዝርንም ተዉት። የክፍል አለቃው ጓደኛ ስሙ አይጻፍም፤ ከአለቃው ጋር የተኳረፈው ግን ሦስት ኤክስ አለው። አለቃውን ይህን ማን አስተማረው? እኛው።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች በእስክሪብቶ ምክንያት ተደባደቡ። እኔ በማግስቱ ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራው ፊት አቁሜ «ተቃቀፉ!» አልኳቸው። ተቃቀፉ። ተማሪው አጨበጨበ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ለካ አንዱ እንዳቀፈው በጆሮው «ቆይ፣ ውጪ እንገናኛለን!» ብሎታል። ይህን የሰማሁት ማታ፣ የአንዱ ግንባር በድንጋይ ከተፈነከተ በኋላ ነው።

የሰፈር ሽማግሌ እንዲህ አይቸኩልም። መጀመሪያ ያስቀምጣል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ነገሩ ካልበረደ ቀጠሮ ይሰጣል። ይቅርታው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔ ከመጨረሻው ነበር የጀመርኩት።

ልጁ ቁስሉ ተሰፍቶ ሲመለስ ሁለቱንም ከዛፍ ሥር አስቀመጥኳቸው። «ማን ጀመረ?» አላልኩም፤ መልሱ ሁልጊዜ «እሱ!» ነው። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት አንዱን። ብዙ ቆየ። ከዚያ «እስክሪብቶው አይደለም። የሊስትሮ ልጅ ብሎኝ ነው» አለ። ሌላው በጣም ገርሞት «ሁሉም እኮ ይለዋል፣ ቲቸር!» አለኝ። እውነቱን ነበር። ክፍሉ በሙሉ ይለው ነበር። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ አልፌዋለሁ። ስለዚህ በነጋታው ከክፍሉ ጋር የተነጋገርነው ስለ ድንጋዩ ሳይሆን ስለ ስድቡ ነበር፤ ከራሴ ጀምሬ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ስለት የተመዘዘ ወይም ሴት ልጅ የተነካች እንደሆነ ሽምግልና የሚባል ነገር የለም። ወዲያው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ነው።

ስድሳ ሰባ ተማሪ ይዘን ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት እናምጣ ትሉኛላችሁ። ከትምህርቱ ነዋ። እኔ አንድ ምዕራፍ ሳልጨርስ ሴሚስተሩ ያለቀብኝ ዓመት አለ። ዩኒት ሊደሩ በጣም ተቆጣኝ። ይቆጣ እንጂ፣ እሱስ ምን ያድርግ።