ሁለት አስ ይዛችሁ አታድፍጡ

ልጆች፣ የሰሞኑ ጥያቄያችሁ አንድ ሆኗል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ታድሎ መሃል ላይ አምስት የጋራ ካርታ በሚወርድበት ፖከር፣ ገና ሲታደል ሁለት አስ ከደረሰን ወዲያው ውርርዱን እንጨምር፣ ወይስ ምንም እንዳልያዘ ሰው ዝም ብለን እናድፍጥ? መልሴ አጭር ነው፤ ጨምሩ። ምክንያቱ ግን ትንሽ ረዘም ይላል።

መጀመሪያ ስለ ራሴ። ጎንደር ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ነው ያረጀሁት፣ ፕሮባብሊቲ የሚባለውን ምዕራፍ ደግሞ ያለ ካርታ አስተምሬው አላውቅም። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ማታ ማታ ፒያሳ አካባቢ ከእኩዮቼ ጋር እንጫወታለን፣ የምናስይዘውም ሽምብራ ነው። ያሸነፈ ሰው ሽምብራውን ቤቱ ይወስዳል፣ በማግስቱ ግን አስቆልቶ ማምጣት ግዴታው ነው። በብር የምትጫወቱ ካላችሁ እኔ ለዚያ አልመክርም፣ ተውት።

ወደ ነገሩ ልግባ። ከ52 ካርታ ሁለት ሁለት እያደረግን ስናወጣ 1,326 ዓይነት ሁለት ካርታ ይገኛል። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት አስ የሚሆኑት 6 ብቻ ናቸው። በአማካይ በ221 እደላ አንዴ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሲመጣ ሰው ደንግጦ የሚሰስተው። «አሁን ብጨምር ሁሉም ካርታውን ጥሎ ይወጣል፣ ይሄ የመሰለ ካርታ በከንቱ ሊቀርብኝ ነው» ይላል። እናም ዝም ብሎ ብላይንዱን (ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በግዴታ የሚያስይዙትን) ብቻ ያህል ከፍሎ ይገባል። ከኋላው ያሉት በርካሽ ስለተጋበዙ ተግተልትለው ይከተሉታል።

ችግሩ ሁለት አስ ያው አንድ ጥንድ መሆኑ ነው። እስከ መጨረሻው ካርታ ድረስ ከተሄደ ማንኛውንም ካርታ የያዘ አንድ ተጋጣሚን ከ100 ጊዜ 85 ያህሉን ያሸንፋል። ተጋጣሚው ሦስት ሲሆን ወደ 64 ይወርዳል፣ አራት ሲሆን ወደ 56፣ ስምንት ሰው ከመጣ ደግሞ ወደ 35። ፍሎፕ ላይ፣ ማለትም መሃል ላይ በመጀመሪያ በሚወርዱት ሦስት ካርታዎች፣ ሦስተኛ አስ ይመጣልኛል ብላችሁ ተስፋ ካደረጋችሁ፣ ያ የሚሆነው ከስምንት ተኩል ጊዜ አንዴ ገደማ ነው።

እዚህ ጋ ሒሳብ የሚወድ ልጅ ይነሳና «ጋሼ፣ አምስት ሰው ካዋጣው ገንዘብ 56 በመቶ፣ ሁለት ሰው ካዋጣው 85 በመቶ አይበልጥም?» ይለኛል። ይበልጣል! ጎበዝ። ግን ያ የሚሠራው አምስቱም ብዙ ካዋጡ ነው። አድፍጣችሁ ስትገቡ ሰው ያበዛችሁት ገንዘቡን ሳታበዙ ነው። በፋሲካ ዋዜማ ሙክት ይዞ ገበያ የወጣ ሰው፣ በጉን ጓሮ ደብቆ ገዢ እስኪሰበሰብ አይጠብቅም።

በሽምብራ እናስላው። ብላይንዱ 1 እና 2 ነው እንበል። ወደ 6 ጨመራችሁ፣ አንድ ሰው ተከተላችሁ፣ ብላይንዶቹ ጣሉ። መሃል ላይ 15 አለ። ፍሎፕ ላይ 10 አስያዛችሁ፣ ተከተለ፤ 35 ሆነ። በአራተኛው ካርታ 24 አስያዛችሁ፣ ተከተለ፤ 83 ሆነ። በመጨረሻው 55፤ እሱም ተከፈለ፣ 193። የራሳችሁን 95 ስታወጡ ትርፉ 98 ነው። አሁን አድፍጡ። ብላይንዶቹንና እናንተን ጨምሮ አራት ሰው በ2 በ2 ገባ፣ መሃል 8። ፍሎፕ ላይ ሁላችሁም ቼክ አላችሁ፣ ማለትም ምንም ሳታስይዙ አሳለፋችሁ። ቀጥሎ 5 አስያዛችሁ፣ አንዱ ተከተለ፤ በመጨረሻው 12፣ እሱንም ከፈለ፤ መሃል 42 ሆነ። ትርፉ 23። ያውም ብታሸንፉ ነው፣ ከሦስቱ አንዱ በርካሽ የገባበት 7 እና 8 ቀጥታ (አምስት ተከታታይ ካርታ) ካልሠራለት። ዋናው ነገር፣ የሚቀጥለው ውርርድ የሚለካው መሃል ባለው ገንዘብ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ያላበዛችሁት መጨረሻ ላይ አይደርስላችሁም።

ታዲያ ማድፈጥ ፈጽሞ የለም ወይ? አለ። ከኋላችሁ ማንም ዝም ባለ ቁጥር የሚጨምር ችኩል ሰው ተቀምጦ ከሆነ፣ ግቡና ይጨምርላችሁ፣ ከዚያ እናንተ በላዩ ጨምሩ። እኔ የማውቀው አንድ የቀድሞ ሾፌር አለ፣ ለእሱ ብቻ ሁልጊዜ አደፍጣለሁ። ሌላው ከፍሎፕ በኋላ ነው። ሁለት አስ ይዛችሁ አስ፣ 7 እና 2 በተለያየ ምልክት ከወረዱ፣ የሚያስፈራ ነገር የለም፣ ከአራቱ አስ ሦስቱን ጨብጣችኋል፣ ሌላው ሰው የሚከፍልበት ነገር የለውም። አንድ ዙር ብታሳልፉለት የሆነ ጥንድ ሊያገኝ ይችላል። የወረደው 9፣ 10 እና ጃክ በአንድ ምልክት ከሆነ ግን ሌላው ሰው በቀጥታ ወይም በአምስት አንድ ዓይነት ምልክት ሊበልጣችሁ ይችላል፤ ቀልድ የለም፣ አስይዙ።

ከአስ በታች ላሉት ጥንዶች ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ሁለት ኪንግ ስትይዙ ፍሎፕ ላይ አስ የመውረዱ ዕድል 23 በመቶ ገደማ ነው። ለሁለት ኩዊን፣ ከእነሱ የሚበልጥ ካርታ የሚወርደው 41 በመቶ ያህል ነው፣ ለሁለት ጃክ 57። ሁለት ጃክ ይዞ የሚያደፍጥ ሰው ምን እየጠበቀ እንደሆነ አይገባኝም። አስና ኪንግ አብረው ሲመጡም ያው ነው፤ ገና ጥንድ እንኳ አይደሉም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ የምታደፍጡት ለሽምብራው አይመስለኝም። በመጨረሻ ካርታውን ገልብጦ የጠረጴዛውን ፊት ማየት ይጥማል። እኔንም ይጥመኛል። ግን ካርታችሁን መደበቅ ከፈለጋችሁ የተሻለ መንገድ አለ። ደህና በሆነ ካርታ ሁሉ በተመሳሳይ መጠን ጨምሩ። በ9 ጥንድም 6፣ በአስና ኩዊንም 6፣ በሁለት አስም 6። ያኔ ማንም ምን እንደያዛችሁ ከጭማሪያችሁ አያውቅም። በአስ ብቻ 15 የምትጨምሩ ከሆነማ ከአዘዞ ያለ ሰው ሳይቀር ያውቅባችኋል።

ሁሉም ቢጥልስ? ይጣላ። 3 ሽምብራ ናት፣ ሰብስቧት። ካርታውን ሳታሳዩ መልሱና የሚቀጥለውን አድሉ።