የማዘጋጃ ቤት ማህተም ያለበት የቱሉም መሬት ባለቤት ያደርገናል?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በሜሪላንድ የምንኖር፣ የአሜሪካ ዜግነት ያለን ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነን። ለዕረፍት ወደ ሜክሲኮ ሄደን ቱሉም የተባለችውን የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደድናት፤ አንድ ደላላም ከባሕሩ ብዙ በማይርቅ ቦታ 400 ካሬ ሜትር መሬት በ60,000 ዶላር እንድንገዛ አግባብቶናል። ያሳየን ሰነድ ሦስት ነው፦ አንድ የኤሂዶ (የገበሬዎች የጋራ መሬት) አባል የሚፈርምልን «የመብት ማስተላለፊያ» ውል፣ የዘንድሮ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ እንዲሁም የማዘጋጃ ቤት ማህተም ያረፈበት የይዞታ ደብዳቤ። ለጊዜው በአንድ ሜክሲኳዊ ስም ይቁም፣ በኋላ ወደ እናንተ ይዞራል ይላል፤ ቀብዱን ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈልጋል። ብንገዛ ባለቤቶች እንሆናለን? ግብር ከፋይ ከሆንን በኋላስ የከተማዋን ከንቲባ መምረጥ እንችላለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዎች፣ በእነዚህ ሦስት ሰነዶች የመሬቱ ባለቤት አትሆኑም። ሰነዶቹ ሐሰተኛ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ሦስቱም እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ነገር ግን አንዳቸውም ለእናንተ ባለቤትነትን አያስተላልፉም። ማህተሙ ለምን እንዳሳመናችሁ ይገባኛል። በኢትዮጵያ ከተሞች የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የሚሰጠውም ሆነ ስመ ሀብት የሚያዛውረው የከተማው አስተዳደር ስለሆነ፣ ማዘጋጃ ቤት የሚያውቀው መሬት ሲባል ነገሩ ያለቀ ሆኖ ይሰማናል። የሜክሲኮ ማዘጋጃ ቤት ግን ከመሬት ላይ ግብር ይሰበስባል፣ በመሬቱ ላይ ምን እንደሚሠራ ይወስናል፣ የግንባታ ፈቃድም ይሰጣል እንጂ መሬቱ የማን እንደሆነ የመወሰን ሥልጣን የለውም። በእጃችሁ ያሉት ወረቀቶች ከየት እንደመጡ ለመረዳት የቦታውን ታሪክ ጥቂት ማየት ይጠቅማል፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቱሉም በ13ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን መካከል ያበበች፣ በካሪቢያን ባሕር ገደል አፋፍ ላይ የተሠራች የማያ ሕዝብ የንግድ ከተማ ነበረች፤ ስሟም በማያ ቋንቋ ቅጥር ማለት ነው። የሁዋን ደ ግሪሃልባ የስፔን መርከቦች በ1518 በዚያ ጠረፍ አልፈዋል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከ1847 ወዲህ ያለው ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት በዩካታን ልሳነ ምድር የተነሣው የማያዎች ዐመፅ ቱሉም ያለችበትን ምሥራቁን ጠረፍ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከመንግሥት እጅ አውጥቶት ቆየ፤ የፌዴራሉ ጦር የዐመፀኞቹን ዋና መቀመጫ ቻን ሳንታ ክሩዝን የያዘው በ1901 ነው። በማግሥቱ ዓመት የፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያዝ መንግሥት አካባቢውን ከዩካታን ለይቶ ኪንታና ሮ የተባለ፣ በቀጥታ ለማዕከላዊው መንግሥት የሚገዛ ግዛት አደረገው። ግዛቱ በ1931 ፈርሶ ለዩካታንና ለካምፔቼ ተከፋፈለ፣ በ1935 በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ዘመን እንደገና ተቋቋመ፣ ራሱን የቻለ የፌዴሬሽኑ አባል ክልል የሆነው ደግሞ በ1974 ነው።

ክልሉ ሲመሠረት ከነበሩት ሰባት ማዘጋጃ ቤቶች መካከል ቱሉም አልነበረችም። በኮሱሜል ደሴት ማዘጋጃ ቤት ሥር የምትተዳደር ትንሽ መንደር ነበረች። በ1993 የኮሱሜል የየብስ ክፍል ተነጥሎ ሶሊዳሪዳድ የተባለ አዲስ ማዘጋጃ ቤት ሲቋቋም ወደዚያ ተዛወረች፤ በ2008 ደግሞ ከሶሊዳሪዳድ ተከፍላ የክልሉ ዘጠነኛ ማዘጋጃ ቤት ሆነች። እንግዲህ አንድ ቁራሽ መሬት ከቦታው ሳይነቃነቅ በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ማዘጋጃ ቤት አፈራርቋል ማለት ነው። ይህ ለሰነድ ምርመራ ቀላል የማይባል መለኪያ ነው፤ በ1980ዎቹ የተጻፈ ሰነድ «የኮሱሜል ማዘጋጃ ቤት» ቢል አትደንግጡ፣ በ1999 የተጻፈ ነው የተባለ ሰነድ «የቱሉም ማዘጋጃ ቤት» ካለ ግን ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ማዘጋጃ ቤት አልነበረምና ወረቀቱን ያቀረበላችሁን ሰው አጥብቃችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሥልጣኑ ልመለስ። የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 115 ማዘጋጃ ቤትን በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት እንዲያስተዳድረው ያዛል፤ ምክር ቤቱ ከንቲባውን፣ የማዘጋጃ ቤቱን ጥቅም በሕግ ፊት የሚያስጠብቀውን ሲንዲኮ እና ሬሂዶሬስ የሚባሉትን የምክር ቤት አባላት የያዘ ሲሆን በኪንታና ሮ የሥራ ዘመኑ ሦስት ዓመት ነው። ውኃና ፍሳሽ፣ የመንገድ መብራት፣ ጽዳት፣ ገበያ፣ ቄራ፣ የመቃብር ስፍራና የአካባቢ ፖሊስ የእርሱ ድርሻ ናቸው። በ1983 የተደረገው ማሻሻያ የመሬትና የቤት ግብርን ገቢ፣ እንዲሁም የመሬት አጠቃቀም ፕላንንና የግንባታ ፈቃድን ለማዘጋጃ ቤቶች አረጋገጠላቸው። የያዛችሁት የግብር ደረሰኝ የዚህ ሥልጣን ውጤት ነው፤ የሚያስረዳውም ግብሩ መከፈሉን ብቻ ነው። የይዞታ ደብዳቤውም ቢሆን እገሌ በዚህ ቦታ ላይ ይገኛል ከማለት አያልፍም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ የኤሂዶው ውል ነው። ኤሂዶ ከሜክሲኮ አብዮት በኋላ መንግሥት ለገበሬ ማኅበረሰቦች በጋራ የሰጠው መሬት ሲሆን እስከ 1992 ድረስ ሊሸጥም ሊከራይም አይችልም ነበር። በ1992 የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ተሻሽሎ አዲስ የእርሻ መሬት ሕግ ሲወጣ፣ ለአባላት በተናጠል የተከፋፈለ መሬት ወደ ሙሉ የግል ባለቤትነት የሚሸጋገርበት በር ተከፈተ፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። የኤሂዶው ጠቅላላ ጉባኤ ልዩ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ፣ ኖታሪዮ (በመንግሥት የተሾመ የውል ባለሙያ) እና የእርሻ ጉዳይ ዐቃቤ መብት ተወካይ በተገኙበት፣ ከተሰብሳቢው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መፍቀድ አለበት። ከዚያ በኋላ አባሉ ከብሔራዊ የእርሻ መሬት መዝገብ የባለቤትነት ሰነድ ይወስድና መሬቱ በክልሉ የንብረት መዝገብ ይገባል። የመጀመሪያው ሽያጭ ሲካሄድም የሻጩ ቤተሰብና ሌሎች በሕጉ የተዘረዘሩ ሰዎች የሠላሳ ቀን የቅድሚያ ግዢ መብት አላቸው፤ ሳይነገራቸው ከተሸጠ ሽያጩ ሊፈርስ ይችላል። በኤሂዶው የጋራ መጠቀሚያ መሬት ላይማ ይህ በር በመሠረቱ ዝግ ነው።

እናንተን ያሳዩአችሁ «የመብት ማስተላለፊያ» ውል ከዚህ ሁሉ ደረጃ በፊት ያለ ነው። ሕጉ እንዲህ ያለውን ውል የሚያውቀው የኤሂዶ አባላት እርስ በርሳቸው ወይም በዚያው መንደር ከዓመት በላይ ለኖሩና ለታወቁ ሜክሲኳውያን ነዋሪዎች ሲያስተላልፉ ነው። የውጭ ዜጋ ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ ስለዚህ ውሉን ሺህ ጊዜ ብትፈርሙበት የሚያስገኝላችሁ መብት የለም። በቱሉም የባሕር ዳርቻ በ2016 በርካታ ሆቴሎች በመሬት ይገባኛል ክርክር ምክንያት በአንድ ቀን በኃይል እንዲለቁ መደረጋቸው፣ እዚያ የመሬት ሰነድ መደራረብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል።

መሬቱ የግል ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሌላ ገደብ አለ። አንቀጽ 27 ከባሕር ዳርቻ በ50 ኪሎ ሜትር፣ ከድንበር በ100 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የውጭ ዜጋ በቀጥታ የመሬት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል፤ እናንተ ያያችሁት ቦታ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ለመኖሪያ የሚሆን ቤትና ቦታ የሚገዛበት ሕጋዊ መንገድ ፊዴይኮሚሶ የሚባለው የአደራ ውል ነው። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ፈቃድ አንድ የሜክሲኮ ባንክ ንብረቱን በስሙ ይይዛል፣ እናንተ ደግሞ ተጠቃሚ ሆናችሁ ትኖሩበታላችሁ፣ ታከራዩታላችሁ፣ መብታችሁን ትሸጣላችሁ፣ ለልጆቻችሁም ታወርሱታላችሁ። በ1993 የወጣው የውጭ ኢንቨስትመንት ሕግ የአደራውን ዘመን 50 ዓመት አድርጎታል፤ ሲያልቅም ይታደሳል። በንብረቱ ጉዳይ እንደ ሜክሲኳዊ ልትቆጠሩና የአሜሪካን መንግሥት ጥበቃ ላለመጠየቅም ትስማማላችሁ።

በዚህ መንገድ ፈንታ በሌላ ሰው ስም ማቆም ግን ሕጉን ለማታለል የሚደረግ የይስሙላ ውል ነው። በወረቀት ባለቤት የሆነው ሰው ቢሞት ወራሾቹ፣ ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪዎቹ፣ ትዳሩ ቢፈርስ የትዳር ጓደኛው በመሬቱ ላይ ይነሣሉ፤ እናንተም ለፍርድ ቤት የምታቀርቡት ውል ራሱ ሕገ ወጥ ይሆንባችኋል።

ኖታሪዮ የሚለው ቃልም እንዳያሳስታችሁ። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወረቀት ስታስመሰክሩ ማህተም የሚመታላችሁ ኖታሪ ዓይነት አይደለም፤ የሕግ ባለሙያ ሆኖ በክልሉ መንግሥት የተሾመ፣ ውሉን የሚያዘጋጅና የንብረቱን ታሪክ የሚመረምር ሰው ነው። መሬቱ ወደ ባሕሩ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ ከማዕበሉ ከፍተኛ መድረሻ ወዲህ ያለው 20 ሜትር የፌዴራል መንግሥት ነውና ማንም ሊሸጥላችሁ አይችልም። በማዘጋጃ ቤቱ ደቡባዊ ጠረፍ ላይ በ1986 የተከለለው የሲያን ካአን ጥብቅ አካባቢ ስላለ፣ ቦታው በዚያ በኩል ከሆነ የፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ፈቃድም ይጠየቃል።

ስለ ምርጫው የጠየቃችሁት በአጭሩ የሚመለስ ነው። ግብር መክፈል የመምረጥ መብት አይሰጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 የውጭ ዜጎች በአገሪቱ የፖለቲካ ጉዳይ እንዳይገቡ ይከለክላል። የውኃ ወይም የቆሻሻ አገልግሎት ሲጓደል ግን ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ አቤቱታ ማቅረብና መልስ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ደላላውን አሁን የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ መሬቱ በክልሉ የንብረት መዝገብ የተመዘገበበትን ቁጥርና ከዕዳና ከእግድ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ የቅርብ ጊዜ ማረጋገጫ። ቁጥሩን ካመጣ በራሳችሁ ምርጫ ለያዛችሁት ኖታሪዮ ስጡና ያስመርምረው፤ ቀብዱም የባንኩ አደራ ፈቃድ ካልተገኘ እንደሚመለስ በጽሑፍ ተስማምታችሁ በገለልተኛ ወገን ዘንድ ይቀመጥ። «መሬቱ ገና ኤሂዶ ነው፣ ቁጥር የለውም» ብሎ ከመለሰላችሁ ግን ሁለት ሳምንቱ ይለፍ፣ ቀብድ አትክፈሉ።