አሳይመንትሽን ራስሽ ተይቢው

እህቴ፣ በእጅሽ ጽፈሽ፣ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም የላክሽው ደብዳቤ ከቱሉ ዲምቱ ደርሶኛል። በርቀት አካውንቲንግ ትማሪያለሽ፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመትሽ ነው። ቀን ቀን አክስትሽ ሱቅ ትውያለሽ። «ያጠራቀምኳትን ብር ለሦስት ወር የኮምፒውተር ስልጠና ልክፈላት ወይስ ያገለገለ ላፕቶፕ ልግዛባት?» ነው ጥያቄሽ።

ለጊዜው ሁለቱንም ተዪያቸው። እኔን ያሳሰበኝ በመሀል ጣል ያደረግሽው ነገር ነው፦ አሳይመንትሽን የሚተይብልሽም፣ በኢሜይል የሚልክልሽም የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ነው። በገንዘብሽ እሱን እያሰለጠንሽው እኮ ነው!

አንድ ተመራቂ አውቃለሁ። ኢሜይል የከፈተለት የኢንተርኔት ቤት ልጅ ነበር፤ ፓስወርዱንም የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው። ልጁ ሥራ ለቀቀ። የሥራ ፈተና ጥሪው እዚያ ኢሜይል ውስጥ ተኝቶ ቀኑ አለፈ።

ስለዚህ ለትየባ የምትከፍይውን ለኮምፒውተር ሰዓት ክፈይ። የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ገጽ ብትጨርሺ ነው። ይሁን። ከዚያ ፒዲኤፍ አድርጊው፣ ፋይሉን በስምሽ ሰይሚው፣ ከራስሽ ኢሜይል ላኪው።

ኤክሴልን ሱቁ ያስተምርሻል። እንደ ኤክሴል የሚሠራውን ጉግል ሺትስ ስልክሽ ላይ ጫኚና የሱቁን ደብተር ገልብጪበት፦ ቀን፣ ዕቃ፣ ዋጋ፣ አከፋፈል። በጥሬ ነው፣ በቴሌብር ነው ወይስ በዱቤ? ፋይሉን ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ካደረግሽው ኔትወርክ ሲጠፋም ትሠሪበታለሽ። የወሩን ሽያጭ በመደመሪያው ቀመር በ«ሰም» (SUM)፣ የዱቤውን ለብቻ መርጦ በሚደምረው በ«ሰምኢፍ» (SUMIF) ደምሪ። አክስትሽ በእጃቸው ከደመሩት ጋር አልገጥም ካለሽ፣ ልዩነቱ የት እንደገባ እስክታገኚው ፈልጊ። ሙያሽ እሱ አይደል? ቃለ መጠይቅ ላይ «ኤክሴል ትችያለሽ?» ሲሉሽ፣ «የሱቃችንን ሂሳብ የምይዘው በወንድሙ በጉግል ሺትስ ነው» ማለት ከማንኛውም ሰርተፍኬት ይበልጥ ወሬ ያስጀምራል።

የመውጫ ፈተናውንም አትርሺ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ ለማግኘት የግድ ነው፤ የርቀት ተማሪም አይቀርለትም። ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጨብጪው እዚያ እንዳይሆን።

የመንግሥት የኦንላይን ስልጠና የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው። ለአንቺ ግን ከሺትሱ በኋላ ይምጣ።

ስለ ላፕቶፑ ከፈተናው በኋላ እናወራለን። እስከዚያ የተየብሽውን አሳይመንት ለእኔም በኢሜይል ላኪልኝ። ፎቶ ከሆነ ግን አልከፍተውም።